የምርምር አማካሪን ጥራት በምን እንለካ? ከጅማ የተጻፈ

በመመረቂያ ጥናት የምስጋና ገጽ ላይ መጥፎ አማካሪ የለም። ከፈጣሪ ቀጥሎ የሚመሰገነው እሱ ነው፤ «ከርዕስ መረጣ ጀምሮ ሳይሰለቹ ውድ ጊዜያቸውን ሠውተው» የማይባል አማካሪ አይገኝም። የምስጋናውን ገጽ አልፎ የጥናቱን ዘዴ ምዕራፍ ያነበበ ሰው ግን አንዱ ጥናት ላይ የበሰለ ሰው እጅ እንዳረፈበት፣ ሌላው ላይ ማንም እንዳልነካው ወዲያው ይለያል። ይህን ልዩነት ሁሉም በቡና ሰዓት ያወራዋል፤ በቅጽ ላይ ግን አይሰፍርም።

ይህን የምጽፈው በጅማ በሕክምናና በጤና ትምህርት ውስጥ ላላችሁ ነው፦ ለመመረቂያ ጥናት አማካሪ ለተመደበላችሁ ሬዚደንቶች (የስፔሻሊቲ ሠልጣኝ ሐኪሞች)፣ ለኤምፒኤች (የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ) እና ለፒኤችዲ ተማሪዎች፣ ለአማካሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምደባውን ለሚሠሩት የዲፓርትመንት ኃላፊዎችና የምርምር አስተባባሪዎች። የማምንበት ነገር አንድ ነው። ስለ አማካሪው ምን እንደሚሰማን መጠየቁን ቀነስ አድርገን፣ አማካሪው ያደረገውንና ቀን ያለውን ነገር መቁጠር አለብን። መጠይቅ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ከሌላው ማስረጃ በኋላ ይምጣ ነው የምለው።

ያሉት መጠይቆች

በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የሜንተሪንግ (የማማከር) ብቃት መመዘኛ ነው። በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ከተሠራው የአማካሪዎች ሥልጠና ጋር የተያያዘ ነው። 26 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይመዘናል። ጥያቄዎቹ በስድስት ዘርፍ ይከፈላሉ፦ መግባባት፣ አንዱ ከሌላው በሚጠብቀው ነገር ላይ መስማማት፣ ተማሪው ምን ያህል እንደገባው ማረጋገጥ፣ የሰዎችን ልዩነት ከግምት ማስገባት፣ ተማሪው ራሱን እንዲችል ማድረግ፣ የሙያ ዕድገቱን መደገፍ። አማካሪው ራሱን፣ ተመካሪው ደግሞ አማካሪውን በእነዚሁ ጥያቄዎች ይመዝናሉ። ለኔ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አማካሪው በአንድ ዘርፍ ለራሱ 6 ሰጥቶ ተመካሪዎቹ 4 ከሰጡት፣ ውይይቱ ከየት እንደሚጀመር ታወቀ ማለት ነው።

በጆንስ ሆፕኪንስ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ሌላ መመዘኛ ደግሞ 12 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት፤ መልሱ ባለ 6 ደረጃ ስምምነት ነው። ከእሱ ጋር ግንኙነቱ ምን ዓይነት እንደነበርና ምን ፍሬ እንዳስገኘ የሚጠይቅ ቅጽ አብሮ ይሞላል። አጭር ስለሆነ ከዲዩቲ ለወጣ ሬዚደንት ይመቻል። 34 ጥያቄ ያለው የተመኙት አማካሪ መለኪያም አለ፤ እሱ ግን ተማሪው ምን ዓይነት አማካሪ እንደሚፈልግ የሚነግር እንጂ ያለውን አማካሪ የሚመዝን አይደለም። ለምደባ ይጠቅማል፤ ለግምገማ ካዋላችሁት ያሳስታል።

የማስረጃውን ጥንካሬ ማወቅም ተገቢ ነው። በአካዳሚክ ሕክምና ስለ ሜንተሪንግ የተጻፉ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2006 በጃማ (የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት) የወጣው ስልታዊ ዳሰሳ 39 ጥናቶችን አካቷል፤ ከእነዚህ 34ቱ ሰዎች ስለራሳቸው የሞሏቸው የአንድ ጊዜ መጠይቆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የዘፈቀደ ምደባ ሙከራ በ16 ተቋማት 283 የአማካሪና የተመካሪ ጥንዶችን ይዞ የ8 ሰዓት ሥልጠና የአማካሪዎችን የብቃት ነጥብ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ይህ ጠንካራ ሥራ ነው። ሆኖም እዚያም ቢሆን ዋናው ውጤት በመጠይቅ የተገኘ ነጥብ ነው።

ይሉኝታ ነጥቡን ምን ያደርገዋል

ባለ 7 ደረጃ መጠይቅ በአንድ የጅማ ዲፓርትመንት ውስጥ ብትበትኑ አብዛኛው መልስ 6 እና 7 ላይ እንደሚከመር መጠበቅ አለባችሁ። ሁሉም ሰው ጣሪያው ላይ ሲደርስ መለኪያው ጥሩውን ከደካማው አይለይም። ምክንያቱ የተማሪው ውሸታምነት አይደለም። ያስተማረውን ሰው በጽሑፍ መንቀፍ ነውር ሆኖበት ነው። ደግሞም አማካሪው ነገ የዲፌንሱ (ተማሪው ጥናቱን በፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት) ፈታኝ ሊሆን ይችላል፤ ከነገ ወዲያ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ከዚያም በኋላ እዚያው ሆስፒታል ባልደረባው ይሆናል። «አማካሪዬ በቂ ጊዜ ይሰጡኛል» ለሚል ዓረፍተ ነገር ማን 2 ይሰጣል?

ስም አለመጻፍ ብቻውን አያድንም። አንድ አማካሪ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሬዚደንት ብቻ ነው የሚኖረው። ቅጹ ላይ ፆታ፣ የሥልጠና ዓመትና ዲፓርትመንት ከተጠየቀ ሦስቱን ያገናኘ ሰው መልሱን የሞላው ማን እንደሆነ ያውቃል። ክፍት አስተያየት ከተጻፈማ አባባሉ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሳታሟሉ መጠይቅ አትበትኑ። የአንድ አማካሪ ውጤት ቢያንስ የአምስት ተመካሪዎች መልስ ሳይሞላ ለማንም አይገለጥ፤ አምስት እስኪሞላ የሦስት ወይም የአራት ዓመት መልስ ይጠራቀም። መጠይቁ ውጤት ከጸደቀና ማስረጃ ከተሰጠ በኋላ ይላክ፤ የተሻለው ጊዜ ከተመረቁ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ውስጥ ነው፤ ያኔ ፍርሃቱ ቀንሷል፣ ትዝታው ግን አልደበዘዘም። የሚሰበስበው ሰው ከዲፓርትመንቱ ውጭ ይሁን። ክፍት አስተያየቶች እንደተጻፉ አይተላለፉ፤ ሰብሳቢው ሐሳቡን በራሱ ቃል ይጻፈው።

የጥያቄው አቀራረጽም መለወጥ አለበት። ይሉኝታ የሚይዘው ፍርድ ስንጠይቅ ነው፤ ድርጊት ስንጠይቅ ይላላል። «አማካሪዎ ወቅታዊ አስተያየት ይሰጣሉ?» ከማለት «መጨረሻ የላኩት ረቂቅ በስንት ቀን ተመለሰልዎ?» ይሻላል። «አማካሪዎ ያበረታታሉ?» በሚለው ፈንታ «ባለፉት ሦስት ወራት ስለ ጥናትዎ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ተቀምጠው የተነጋገሩት ስንት ጊዜ ነው?» በሉ። «ዘዴውን በደንብ ያውቃሉ?» ከሚለው ይልቅ «የናሙና መጠኑን ስሌት አብረው ሠርተዋል? የዳታ ትንተናውን ውጤት በኮምፒውተር ከፍተው ተመልክተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አክባሪ ተማሪ «20 ቀን» ብሎ ሲጽፍ ማንንም የነቀፈ አይመስለውም። እውነቱም በቁጥሩ ውስጥ ይገኛል።

አዲስ ጥያቄዎችን ከመጠቀማችሁ በፊት ከአምስት እስከ ስምንት ለሚሆኑ የቅርብ ተመራቂዎች አንብቡላቸውና «ይህን ሲሰሙ ምን ገባዎ? እንዴት አስበው መለሱ?» በሏቸው። በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገር የተቀላቀለበት ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ ይጋለጣል። «ወቅታዊና ጠቃሚ አስተያየት» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ፈጥኖ የሚመለስ የማይረባ አስተያየት አለ፤ ዘግይቶ የሚመጣ ወርቅ የሆነም አለ።

ቀን ያላቸው ማስረጃዎች

የምክር ሥራ ዱካ ይተዋል፦ ኢሜይል፣ የቴሌግራም ፋይል፣ በረቂቁ ጠርዝ ላይ የተጻፈ አስተያየት። እነዚህን ለመሰብሰብ የሚያስፈልገው በጋራ የሚከፈት አንድ የሠንጠረዥ ፋይል ብቻ ነው። ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ የረቂቁ ስም፣ የተላከበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል፣ የተስማሙበት ቀጣይ ሥራ፣ የዚያ ሥራ ቀነ ገደብ። የሚሞላው ተማሪው ነው፤ አማካሪው ማየትና ማረም ይችላል።

ከዚህ ፋይል የሚወጣው ዋና ቁጥር የመመለሻ ጊዜ ነው። ስሌቱ ቀላል ቢመስልም ሁለት ስህተት ይበዛበታል። የመጀመሪያው አማካይ መውሰድ ነው። አምስት ረቂቆች በ4፣ በ6፣ በ7፣ በ9 እና በ60 ቀን ቢመለሱ አማካዩ 17.2 ነው፤ መካከለኛው ዋጋ ግን 7 ነው። የአማካሪውን የዘወትር አሠራር የሚያሳየው 7 ነው። ሆኖም 60ውን መደበቅ አይገባም፤ አንድ የ60 ቀን ዝምታ አንድ የመስክ ወቅት ሊያስመልጥ ይችላልና። ሁለቱን ለየብቻ ጻፉ፦ መካከለኛው ዋጋና ረጅሙ ጥበቃ።

ሁለተኛው ስህተት የከፋ ነው፤ ጨርሶ ያልተመለሱ ረቂቆችን ከስሌቱ ማውጣት። ያልተመለሰ ረቂቅ የመመለሻ ቀን ስለሌለው ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ሲወጣ ሦስቱን መልሶ ሰባቱን የጣለው አማካሪ ከሁሉም ፈጣን ሆኖ ቁጭ ይላል። ያልተመለሰው ረቂቅ እስከ ዛሬ የጠበቀውን ቀን ይዞ ይግባ። የካፕላን ማየር ስሌት (ገና ያላበቃ ጥበቃንም የሚቆጥር ዘዴ) የሚያውቅ የኤፒዲሚዮሎጂ ተማሪ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል፤ ታካሚ ክትትል ሲያቋርጥ የምናደርገው ያንኑ ነው።

በኔ ግምት ለአንድ የፕሮፖዛል ረቂቅ 10 የሥራ ቀን ተገቢ ገደብ ነው፤ ለአጭር ጥያቄ ሦስት ቀን ይበቃል። ዲፓርትመንቱ ሌላ ቁጥር ሊመርጥ ይችላል። ዋናው ነገር ቁጥሩ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጡ ነው፤ ያልተነገረ ገደብን አሳልፈሃል ብሎ ሰውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ብዙ ምክር የሚሰጠው ግን በቃል ነው፤ ከራውንድ በኋላ በኮሪደር፣ በኦፕሬሽን ክፍል በር ላይ፣ አንዳንዴ በስልክ። ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ምርጡ ነው፤ ካልተመዘገበ ግን ትጉው አማካሪ በፋይሉ ላይ ሰነፍ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ተማሪው በዚያኑ ቀን የተባለውን በአምስት መስመር ጽፎ በቴሌግራም ይላክ፤ አማካሪው ያጽድቅ ወይም ያርም። ሌላም ጥቅም አለው፦ «እንደዚያ አላልኩም» እና «እንደዚያ ነው የሰማሁት» የሚባለው ክርክር በአብዛኛው ይቀራል።

ፍጥነት ግን ጥራት አይደለም። ስለዚህ የአስተያየቱን ዓይነት መመልከት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ጥናት ላይ ሦስት ረቂቅ ምረጡ፦ አንድ ከፕሮፖዛሉ፣ አንድ ከትንተናው፣ አንድ ከመጨረሻው ጽሑፍ። ከእያንዳንዱ 10 አስተያየት በዘፈቀደ ውሰዱና በሦስት መድቡ። የመጀመሪያው ምድብ የቅርጽ ነው፦ ፊደል፣ የማጣቀሻ አጻጻፍ፣ የገጽ ቁጥር። ሁለተኛው የዘዴ ነው፦ ናሙናው፣ መለኪያው፣ ትንተናው። ሦስተኛው የአስተሳሰብ ነው፦ ጥያቄው ለምን ይጠየቃል፣ ይህ ውጤት በሌላ ምክንያት ሊመጣ አይችልም ወይ፣ መደምደሚያው ከዳታው ይበልጣል ወይ። ሁለት አንባቢ ለየብቻ ይመድቡ፤ ስምምነታቸው በካፓ (በአጋጣሚ የሚመጣውን ቀንሶ የሁለት ሰው ስምምነትን የሚለካ ቁጥር) ከ0.6 በታች ከሆነ የምድቡን ትርጉም አስተካክላችሁ እንደገና ጀምሩ። በመጨረሻው ረቂቅ ላይ ቅርጽ ቢበዛ ችግር የለበትም። በፕሮፖዛሉ ላይ ሠላሳ አስተያየት ሰጥቶ ሠላሳውም ኮማና ነጥብ የሆነ አማካሪ ግን ጥናቱን አላማከረም፤ ጽሑፉን ነው ያረመው።

423 የሚለው ቁጥር

አማካሪ የነካውን ፕሮፖዛል ካልነካው ለመለየት ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም። የናሙና መጠኑን ገጽ ክፈቱ። ሥርጭቱ 50 በመቶ ተብሎ፣ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ሲሰላ 384 ይመጣል፤ 10 በመቶ መልስ ለማይሰጡ ሲጨመርበት 422 ወይም 423 ይሆናል። በሀገራችን ይህን ቁጥር ያላየ የጤና ተመራማሪ የለም ማለት ይቻላል። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ በዚሁ ርዕስ ላይ በሀገር ውስጥ የተሠራ የሥርጭት ግምት እያለ 50 በመቶ ለምን ተወሰደ? ጥናቱ «ተያያዥ ምክንያቶችን» እፈልጋለሁ ካለ፣ ናሙናው ለዚያ ዓላማ ይበቃ እንደሆነ ለምን አልተሰላም? የሚጠበቀው ሥርጭት 5 በመቶ ሆኖ ሳለ 5 በመቶ ህዳግ ምን ይነግረናል? እነዚህን የጠየቀ አማካሪ ነበረ ወይ?

ትንተናው ላይም እንደዚሁ። 400 ታካሚ ተጠንቶ የሚፈለገው ውጤት የታየባቸው 40 ብቻ ከሆኑ፣ ለአንድ ተለዋዋጭ አሥር ክስተት በሚለው የተለመደ መመሪያ ሞዴሉ አራት ያህል ተለዋዋጭ ብቻ ይሸከማል። አሥራ ሁለት ተለዋዋጭ ገብቶበት፣ የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ዋጋ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው) ከ1.1 እስከ 38 ተዘርግቶ፣ ማብራሪያው ላይ «ጠንካራ ግንኙነት ተገኝቷል» ከተባለ፣ ያንን ሠንጠረዥ አማካሪው ከፍቶ አላየውም ወይም አይቶ አልፎታል።

ስለዚህ ለግምገማ የማቀርበው አጭር ቅጽ አለ። ጥናቱን የማያውቅ አንድ አንባቢ የተጠናቀቀውን ሥራ ወስዶ አምስት ነገር ይይ፦ ጥያቄው ከዚህ ቀደም ከተሠራው ምን እንደሚጨምር በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጽፏል ወይ፤ ናሙናው ከዓላማው ጋር ይገናኛል ወይ፤ መለኪያው ከየት እንደመጣና በምን ቋንቋ እንደተሞከረ ተገልጿል ወይ፤ የጎደለ ዳታ ምን እንደተደረገ ተጽፏል ወይ፤ መደምደሚያው ከውጤቱ አይበልጥም ወይ። ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2። ከአሥር የሚመጣው ነጥብ የተማሪው ብቻ አይደለም። የአንድ አማካሪ አምስት ተማሪዎች በተከታታይ ናሙናው ላይ 0 ካመጡ፣ ችግሩ የተማሪዎቹ አይደለም።

ጅማ ላይ የሚጨመረው

የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም የተነሣው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን ይዞ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይህ መሠረት አብሮት ቀጥሏል። ተማሪዎች በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ ይወጣሉ፤ ከዚያም የየግል የምርምር ሥራ አለ። በዚህ ምክንያት እዚህ ያለ አማካሪ የሚመዘነው በጽሑፍ እርማት ብቻ ሊሆን አይችልም። የመስክ ክትትሉ ራሱን የቻለ ዘርፍ ይሁን፦ አማካሪው ዳታ በሚሰበሰብበት ቦታ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተገኝቷል ወይ? በመጀመሪያው ቀን የተሞሉ ቅጾችን ተመልክቷል ወይ? መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ በሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ መልሶ ተተርጉሟል ወይስ ጠያቂው እዚያው በር ላይ በቃሉ ነው የሚተረጉመው? ይህ የመጨረሻው በብዛት ይታለፋል፤ ሲታለፍ እያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን መጠይቅ ይጠይቃል፤ የተሰበሰበውም ዳታ የአንድ ጥናት ሳይሆን የአምስት ጠያቂዎች ይሆናል።

የጊዜ ሰሌዳውም የአማካሪውን ልምድ ያሳያል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ የገጠር ቀበሌ መንገዶችን ያከብዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነው፤ በማና፣ በጎማ ወይም በሰቃ ጮቆርሳ ወረዳ ቀን ቀን ቤት አንኳኩቶ አዋቂ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የቤት ለቤት ጥናት ያለው ሬዚደንት ፕሮፖዛሉን ከሥነ ምግባር ቦርድ የሚያስወጣበት ጊዜ ከጥር በፊት እንዲሆን ወደ ኋላ እየቆጠረ የሚያቅድለት አማካሪ ያስፈልገዋል። ወደ ቦርዱ ከገባ በኋላ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደመጣና ለምን እንደተመለሰ መዝግቡ። የስምምነት ቅጹ በተሳታፊው ቋንቋ ባለመሆኑ ብቻ የተመለሰ ፕሮፖዛል፣ አማካሪው ሳያነበው የላከው ፕሮፖዛል ነው።

የታተመ ሥራን ስንቆጥር

ብዙ ቦታ የአማካሪ ጥራት ማለት የወረቀት ብዛት ነው። ቁጥሩ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ነባር ስምና የውጭ ፕሮጀክት ያለውን ሰው ይሸልማል። ጎበዝ ተማሪዎችም ወደ ታወቀው አማካሪ ስለሚሄዱ፣ የተማሪው ጉብዝና የአማካሪው ሆኖ ይቆጠራል። የተሻለው መለኪያ መጠን ነው፦ አንድ አማካሪ ካማከራቸው ጥናቶች ውስጥ ከዲፌንስ በኋላ በ24 ወር ውስጥ ወደ መጽሔት የተላኩት ስንት ናቸው፣ የታተሙትስ? የተላኩትንና የታተሙትን ለዩ፤ መታተም የመጽሔቱም ውሳኔ አለበት።

ከዚያ የደራሲዎቹን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት መስፈርት ያስቀምጣል፦ ለሐሳቡ ወይም ለዳታው ወይም ለትንተናው ጉልህ አስተዋጽኦ፤ መጻፍ ወይም ቁም ነገር ባለው መልኩ ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። አራቱም መሟላት አለባቸው። የሬዚደንቱ የመመረቂያ ጥናት ሲታተም ሬዚደንቱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ስም ሆኖ ከተገኘ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። አንዳንዴ ምክንያት አለው፤ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ጠፍቶ አማካሪው እንደ አዲስ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው «በስድስት ወር ውስጥ ረቂቅ ካላቀረብኩ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይለወጣል» የሚል መስመር መፈራረም የሚያስፈልገው።

ፍለጋውን ስትሠሩ በስም ብቻ አትፈልጉ። በኛ ስም ላይ የአባት ስም ስለሚከተል አንዱ መጽሔት የአባቱን፣ ሌላው የራሱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንድ ሰው ሦስት አራት ዓይነት ይሆናል። በርዕሱ ቁልፍ ቃላትና በጥናቱ ቦታ ፈልጉ። በፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ) ብቻም አትወሰኑ፤ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ብቻ የሚገኝ የሀገር ውስጥ ሥራ አለ። ከአሁን በኋላ ለሚገቡት ደግሞ የኦርኪድ ቁጥር (አንድን ተመራማሪ ከሌላው የሚለይ መለያ) በመጀመሪያው ሳምንት ይውጣላቸው፤ ነፃ ነው፣ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

ሸክሙን ሳይቆጥሩ መመዘን

እዚህ ላይ ለአማካሪዎች መቆም እፈልጋለሁ። ስምንት ተማሪ የያዘ ሐኪም እያንዳንዱን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ቢያገኝ፣ ረቂቁንም ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢያነብ፣ በሁለት ሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 10 ሰዓት። ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይበልጣል። ይህ ዋርድ፣ ኦፕሬሽን፣ ዲዩቲና ክፍል ማስተማር ላይ የሚጨመር ነው። ሁለት ተማሪ ካለው ባልደረባው ጋር የመመለሻ ጊዜውን አስቀምጦ ማወዳደር ግፍ ነው። ማንኛውም ውጤት ከጎኑ ሦስት ቁጥር ይዞ ይቅረብ፦ በዚያ ጊዜ የነበሩት ተማሪዎች ብዛት፣ በሳምንት የነበረው የክሊኒክና የማስተማር ሰዓት፣ ለማማከር በይፋ የተሰጠው ሰዓት። የመጨረሻው ዜሮ ከሆነ የሚገመገመው አማካሪው ሳይሆን ዲፓርትመንቱ ነው።

ውጤቱን ማን ያየዋል? ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከደረጃ ዕድገት ጋር ባይያያዝ እመርጣለሁ። ነጥቡ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት መወጣጫ እንደሆነ በታወቀበት ቀን፣ ሠንጠረዡ ላይ ያሉት ቀኖች መታረም ይጀምራሉ፤ ተማሪውም በጥሩ ሁኔታ እንዲሞላ ይለመናል። ውጤቱ ለአማካሪው በአንድ ገጽ፣ በአካል፣ እሱ በሚያከብረው ባልደረባ ይሰጥ። ሁለት የሚቀጥሉ ነገሮች፣ አንድ የሚለወጥ ነገር፣ የሚለወጥበት ቀን። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የአማካሪዎች ደረጃ የለጠፈ ዲፓርትመንት በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛ መልስ አያገኝም።

አማካሪ መቀየርም ያለ ነቀፌታ ይቻል። አስተባባሪው በሦስተኛው ወር ሁሉንም ጥንዶች «ይቀጥል ወይስ ይቀየር?» ብሎ ለየብቻ ይጠይቅ፤ ሁሉም ስለሚጠየቅ የሚቀይረው ተማሪ ከሳሽ አይሆንም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ገጽና የመጨረሻው ርክክብ

ከላይ ያለው ልኬት ሁሉ የሚቆመው በመጀመሪያው ስብሰባ በሚፈረም አንድ ገጽ ላይ ነው። በምን ያህል ጊዜ እንደሚገናኙ፣ ረቂቅ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ዋናው አማካሪ ምን እንደሚያነብና ረዳት አማካሪው ምን እንደሚያነብ፣ ትንተናውን ማን እንደሚሠራ፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥና ለማን ክፍት እንደሆነ፣ የደራሲዎች ቅደም ተከተል፣ ሲቸገሩ ወደ ማን እንደሚሄዱ። ረዳት አማካሪው በስም ብቻ የሚኖርበት ጥናት ብዙ ነው፤ ሥራው ካልተከፋፈለ እያንዳንዱ ሌላኛው ያነበዋል ብሎ ይጠብቃል፤ ስታቲስቲክሱን ሁለቱም ሳያዩት ያልፋል።

ይህ ገጽ በጣም የሚያስፈልገው አማካሪው በመሐል ሲሄድ ነው። ለሰብ ስፔሻሊቲ ወይም ለፒኤችዲ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ መሄድ የተለመደ ነው፤ የሚቀረው ሬዚደንት ግን ዳታ ሰብስቦ መሐል ላይ ይቆማል። ስለዚህ የአማካሪው መዝገብ ላይ ርክክብ የሚል ዘርፍ ይኑር። የሚሄደው አማካሪ ከመሄዱ ከ30 ቀን በፊት፦ የመጨረሻው የጸደቀ ፕሮቶኮል ቅጂ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱና የሚያበቃበት ቀን፣ የዳታው ፋይልና የተለዋዋጮቹ ማብራሪያ፣ እስካሁን የተወሰኑ የትንተና ውሳኔዎች፣ ያልተመለሱ ረቂቆች ዝርዝር። ፈቃዱ ላይ ዋና ተመራማሪው ወይም አማካሪው በስም ተጠቅሶ ከሆነ ለቦርዱ የማሻሻያ ደብዳቤ አብሮ ይጻፍ፤ ይህ ከተረሳ ጥናቱ ሲታተም መጽሔቱ የሚጠይቀው ደብዳቤና በእጅ ያለው ደብዳቤ አይገጥሙም። ተማሪው፣ የሚሄደውና የሚተካው አማካሪ ሦስቱም አንድ ላይ ተቀምጠው ይፈርሙበት፤ በአካል ካልተቻለ በስልክ የቪዲዮ ስብሰባ ይሁን። ረዳት አማካሪው ወዲያው ዋና ሆኖ ይተካ፤ አዲስ ሰው ካስፈለገም የመጀመሪያ ሥራው በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ያልተመለሱ ረቂቆች ማንበብ ይሁን።